ጃንሆይና የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ ትንሽ ፊደል ነው። የወንጀል ሕግ ስንማር መምህራችን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ከቤተ መጻሕፍት አውጥተን እንድናየው አዘዙን። ሕጉ ከተሻረ ብዙ ዓመት ስለሆነው የክፍሉ ተማሪ አጉረመረመ፤ እኔም ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። የተሻረ ሕግ ማጥናት የፈረሰ ቤት ኪራይ እንደመክፈል ነው የመሰለኝ። ገጹን ሳገላብጥ ግን ከአንቀጽ 120 ቀጥሎ 121 መምጣት ሲገባው በመሀል ፊደል የተለጠፈበት ሌላ 120 ብቅ አለ። የሚናገረው ስለ ግርፋት ነው። የራሱ ቁጥር እንኳ የለውም፤ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በጎን የተቀጠለ ጓዳ ነው የሚመስለው። ማን ቀጠለው ብዬ ስፈልግ ፓርላማው ጋ ደረስኩ፤ ከፓርላማው ደግሞ ዘውዱ ጋ።

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት የተጻፈው ቢደመር መደርደሪያ ይሞላል። እኔ የማወራው ግን ወንጀልንና ቅጣትን የሚመለከተውን ብቻ ነው። ሰውየው በዘመናቸው ዳኛም፣ ሕግ አውጪም፣ በመጨረሻም የወንጀል ተጎጂ ነበሩ፤ ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ እምብዛም አይታይም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ ኤጀርሳ ጎሮ በምትባል ቦታ ነው። አባታቸው ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የሐረርጌ ገዥና የአፄ ምኒልክ የቅርብ ዘመድ ነበሩ። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ተፈሪ ገና 14 ዓመት አልሞላቸውም። በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን ግዛት ሐረርጌን ተሾሙ። በዚያ ዘመን ገዥ መሆን ማለት ዳኛ መሆን ማለትም ነው። ግብር የሚሰበስበውም፣ ጦር የሚያዘውም፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊቱ ቆመው የሚሟገቱለትም ያው አንድ ሰው ነው። ሥልጣን ስለ መከፋፈል የተማርነውን ሁሉ እዚህ ላይ መርሳት ያስፈልጋል።

በእርግጥ ያኔም ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ እሱን ግን የሚያነበው ሊቅ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ልማዱን ነው። ከልማዶቹ አንዱ ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ ሹሙ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል፤ ለልጁ የሚያሰክር ነገር ይሰጠዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ሌላው ቁራኛ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለዕዳና አበዳሪ፣ ነገሩ እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ። ልጁ የወደቀበት ቤት የእኛ ቅድመ አያቶች ቤት ሊሆን ይችል ነበር እኮ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ሌባ ሻይ የተከለከለውም በእሳቸው ዘመን ነው። በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ ለመግባት ግን ባሪያ ፈንጋይና ባሪያ ነጋዴ መቅጣቷን ማሳየት ነበረባት። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። ወረቀቱ ቶሎ ወጣ፤ ሥራው ግን ሌላ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ይህ ነገር በእኚህ ሰው ሕይወት ደጋግሞ የሚመጣ ነው፦ አዋጁ ከአገሩ ይቀድማል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ደፉ። የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የዚያው ዓመት ነው። ፍትሐ ነገሥትን መሠረት አድርጎ የተጻፈ፣ ከአውሮጳም ጥቂት የቀሰመ ሕግ ነው። ከዚያ ሐምሌ 9 ላይ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በ1924 ዓ.ም. ፓርላማው ተከፈተ። ሁለት ምክር ቤት ነበረው፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ሕዝብ የሚባለው ነገር ገና በሩ ላይም አልደረሰም። ልብ በሉ፤ የወንጀል ሕጉ ከፓርላማው በፊት ነው የወጣው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሕግ አውጪዎች ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ሰው በምን በምን እንደሚቀጣ አስቀድሞ ተወስኖ ጠበቃቸው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ንጉሡ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ ንግግራቸውን አደረጉ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ወደ አገር የተመለሱት በእኛ በኩል መሆኑን ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው፣ በበላያ ተራራ አድርገው ጎጃም ገቡ። ጣሊያን ከቡሬ ለቆ በማንኩሳ፣ በጅጋ፣ በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ አርበኛውና የእንግሊዝ መኮንኖች የሚመሩት ጦር ተከተሉት። ንጉሡ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው በዚያ ጉዞ በንጉሡ እንደሆነ አገራችን ላይ ይነገራል። እኔ ጅጋ ተወልጄ ከጅጋ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስመላለስ አድጌ፣ የስሙን ነገር ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ መሆኑ ትንሽ ያሳፍራል።

አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ይህ ቀን ኋላ ይመለሳል።

ከነፃነት በኋላ ሕግ የማውጣት ሥራው በእውነት ተጀመረ። መጋቢት 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 1 ራሱን ጋዜጣውን ያቋቋመ ነው፣ ቁጥር 2 ደግሞ የፍርድ አስተዳደርን። ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤት እየተባለ ተዘረጋ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዙፋን ችሎት አልቀረም። ፍርድ የጎደለበት ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ቤተ መንግሥት በር ላይ ወይም መንገድ ላይ ጃንሆይ ሲያልፉ አቤት ይላል። ለባላገሩ ሕግ ማለት እሳቸው ነበሩ። አንድ በኩል ደስ ይላል፤ ድሃ የሚጮህበት በር አለው። ግን ደግሞ በስንት አንቀጽ የተጻፈውን ፍርድ አንድ ሰው በአንድ ቃል ሲለውጠው ዳኞቹ ምን ይሰማቸው ነበር?

በጎጃም ይህ ጥያቄ ስም አለው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በጣሊያን ዘመን በቢቸናና በአባይ ዳር አገር ጠላትን ያስጨነቁ አርበኛ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣሉ፣ ተከበቡ፣ እጅ ሰጡ፣ ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸውና ንጉሡ ወደ እስራት ለወጡላቸው። ከእስር ቤት ሲያመልጡ ግን ተይዘው ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። በሕግ ዓይን ካየነው ክስ አለ፣ ፍርድ አለ፣ ምሕረት አለ፣ ማምለጥ አለ፣ ቅጣት አለ፤ ሂደቱ የጎደለው ነገር ላይኖር ይችላል። ጎጃሜ ግን እስከ ዛሬ ይህን ፍርድ አልተቀበለውም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ስለ ጃንሆይ የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር በላይን ሰቀለ የሚል ነው፤ ንጉሥ መሆናቸውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ዓመት በዱር አገር የጠበቀን ሰው በስደት የቆየ መንግሥት ሲሰቅለው፣ ትክክለኛ አንቀጽ መጥቀስ ብቻውን ሰውን አያሳምንም።

አሁን ወደዚያች ፊደል ልመለስ።

በ1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የሕግ አዘጋጅ ኮሚሽን አቋቁመው ከውጭ የሕግ ሊቃውንት አስመጡ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀሉን ደግሞ የጄኔቩ ስዊዛዊ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያዙት። ግራቨን ረቂቁን የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ኮሚሽኑ እያንዳንዱን አንቀጽ ተከራከረበት፤ በመጨረሻም ለፓርላማ ቀረበ። ቅጣት ጥፋተኛውን ማረምም አለበት፣ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ በሕግ ያልተጻፈ ነገር ወንጀል አይደለም የሚሉት ሐሳቦች ከ800 በላይ በሆኑት አንቀጾች ውስጥ ተዘርግተዋል። ለ1940ዎቹ እጅግ ዘመናዊ ሕግ ነው። በግራቨን ረቂቅ ውስጥ ግርፋት አልነበረም።

ያስገባው ፓርላማው ነው። ከባድ ሌብነትና ከባድ ውንብድና ለፈጸመ፣ ከ18 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ላለው ወንድ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላው ቅጣት እንደማይመልሰው ካመነ እስከ 40 ጅራፍ ይላል። ቁጥሩን ሁሉ እንደገና ላለማዛባት ከ120 ጎን ለጠፉት። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፤ ሊቁ በአውሮጳ ሚዛን ጻፈ፣ የአገሩ ሹማምንት ግን ይህ ሁሉ ጥሩ፣ ለከብት ሌባ የሚሆነውን እኛ እናውቃለን አሉ።

እዚህ ላይ እኔ ግራ ገባኝ። በመጀመሪያ ፓርላማውን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር። ኋላ ቀር ሰዎች ብዬ ግማሽ ገጽ ጽፌም ነበር፤ ቀደድኩት። የቀደድኩት ክረምት ላይ ጅጋ ሄጄ ለአያቴ ነገሩን ካጫወትኳቸው በኋላ ነው። አባባ ወደ ዘጠና እየተጠጉ ነው፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ጉዳዩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እንደሳቸው አነጋገር ሰው በሬው በተሰረቀ ማግስት የሚያስበው ስለ ሌባው መታረም አይደለም። በሬ የሌለው ገበሬ ያን ዓመት አያርስም፤ ካላረሰ ልጆቹ ይራባሉ። ሌባው ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ታስሮ መንግሥት እያበላው ሲቀመጥ የተሰረቀው ሰው ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ግርፋት እሳቸው ዘንድ ትክክል ነው፤ እንዲያውም 40 አንሷል ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ግን ሳልጠይቃቸው ስለ አውጫጭኝ አነሱ። አውጫጭኝ፣ በሌላው አገር አፈርሳታ የሚባለው፣ ሌባ ያልተያዘ እንደሆነ የአገሩ ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት አለመመለስ ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ወፍ በሚባሉ ሰዎች በኩል ሹክ ይላል፣ ማን እንዳለ አይታወቅም። አባባ በወጣትነታቸው በአንድ የሰኔ ወር ለሁለት ቀን ሜዳ ላይ ውለው አድረዋል። ዝናቡ መሬቱን አርሶላቸው፣ ዘሩ ቤት ተቀምጦ፣ በሬዎቻቸው ቆመው። በሦስተኛው ቀን ወፉ የአንድ ሰው ስም አወጣ። ሰውየው ካሳ ከፈለ፣ መሬቱን ጥሎ ወደ መተከል በኩል ሄደ። ከዓመታት በኋላ ሌባው ሌላ መሆኑ ታወቀ። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ያን ሰው የከሰሰው ወፍ ማን እንደነበር ያወቁት ይመስለኛል። ስሙን ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አውጫጭኝን አላወቀውም። ምስክር ቃሉን በችሎት ይሰጣል፣ ተከሳሹ ይጠይቀዋል። ወፍ የለም። ያ ሰው ይህ ሕግ ደርሶለት ቢሆን መሬቱን ጥሎ አይሄድም ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ደግሞ ሕጉ ከወጣ በኋላም አውጫጭኝ በየገጠሩ ለዓመታት ቀጥሏል። ፖሊስ የሌለበት አገር ምን ያድርግ?

ስለዚህ ፓርላማውን እንደ መጀመሪያው አልወቅሰውም። የምወቅሰው በሌላ ነው። ሕጉ በ1949 ዓ.ም. ሐምሌ 16፣ በንጉሡ ልደት ቀን ታወጀ። በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ በቀጥታ የመረጣቸው እንደራሴዎች ግን የተመረጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። ጥቂት ወር ቢጠብቁ ኖሮ የአገሪቱ ትልቁ የቅጣት ሕግ በተመረጡ ሰዎች እጅ ያልፍ ነበር። ምናልባት እነሱም ግርፋቱን ይጨምሩት ነበር፤ የአያቴን መልስ ከሰማሁ በኋላ እንዲያውም አልጠራጠርም። ቢሆንም በጎጃም ገበሬ ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ ጅራፍ የወሰነው ገበሬው የመረጠው ሰው ቢሆን ልዩነት ነበረው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት። ለቀን ይጠነቀቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ጄኔራሉ በግልጽ ችሎት ቀርበው ተከራከሩ፣ ሞት ተፈረደባቸው፣ መጋቢት ላይ ተሰቀሉ። ስለ ፍርዱ የሚባለው ይባል፣ ተከሳሹ ግን ቆሞ ተናግሯል። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የሕዝብ ሰላማዊ ሰልፍን የሚመለከት አዋጅ አጸደቀ፤ ሰልፍ የፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ የሚል። ሰላማዊ የሚለው ቃል በርዕሱ ላይ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዓላማው እነሱን ለማፈን መሆኑን ስላወቁ በሚያዝያ ወር ተቃወሙት፤ ፖሊስ ግቢው ድረስ ገባባቸው።

የ1960ውን ግን እንዲህ በፍጥነት ማለፍ አልችልም፤ አገሬ ነው። ፓርላማው ብዙ ተከራክሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አሳለፈ። የወንጀል ሕግ አይደለም፣ ግን ያልከፈለ ወንጀለኛ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ መሬት ርስት ነው፣ ተለካ ማለት ተወሰደ ማለት ነው ተብሎ ይፈራል። የግምት ኮሚቴ ሲመጣ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ላይ ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ መንደሮች በቦምብ ተመቱ። አባባ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ አውሮፕላኑን ያስታውሳሉ። መጨረሻ ላይ ግን ንጉሡ ለዘቡ። ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዋጁም በጎጃም ሳይሠራ ቀረ። አንድ የወጣ ሕግ በገበሬ እምቢታ ሲሻር ከዚያ በፊት መኖሩን አላውቅም። ሕግ አውጪዎቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሲያጸድቁት የጎጃም እንደራሴዎች እዚያው ነበሩ፤ ማን ሰማቸው?

የ1966ቱን አብዮት እዚህ አልተርክም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃ አዋጁን አነበቡላቸውና በአንዲት ቮልስዋገን ጭነው ወሰዷቸው። ለእኔ እንደ ሕግ ተማሪ የሚገርመኝ የኅዳር ወር ነው። ኅዳር 7 ደርግ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ ሥነ ሥርዓት አወጣ፣ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም አቋቋመ። ወደ ኋላ ሄዶ የሚቀጣ ሕግ ነው፤ ቢሆንም ሕግ ነው፣ ችሎትም አለው። ከዚያ አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ወደ 60 የሚጠጉ እስረኞች ያለ አንዳች ፍርድ ተረሸኑ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን በመካከላቸው ነበሩ። ራሳቸው ያወጡትን፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ሕግ እንኳ ሳይገልጡት።

ንጉሡ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ሞቱ። መንግሥት በሕመም ሞቱ አለ። ክስ አልነበረም፣ ችሎት አልነበረም፣ የቀብር ሥነ ሥርዓትም አልነበረም። ለከብት ሌባ እንኳ የጅራፉን ቁጥር ለይቶ የጻፈው ሕግ ባለቤት በምን ጥፋት እንደሞቱ አንድ መስመር አልተጻፈም። ዐፅማቸው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከወለል ሥር የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ አንቀጽ አለ፤ 281። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በዓለም ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀች አገር ናት፤ በ1941 ዓ.ም. ። የካቲት 12ን ላየ አገር አይገርምም። ንጉሡ ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ለዚህ ፍርድ ለማቅረብ ለፍተው ሳይሆንላቸው ቀርቷል። ከዚያ የ1949ኙ ሕግ ሲጻፍ አንቀጽ 281 ከስምምነቱ አልፎ ሄደ፤ ስምምነቱ የማይጠብቀውን የፖለቲካ ቡድንንም ከሚጠበቁት ጋር ቆጠረ። ማን እንደጨመረው፣ ምን አስቦ እንደጨመረው ብዙ ፈልጌ ነበር። በረቂቁ ጊዜ ትልቅ ነገር አልመሰለም ይሆናል፤ በአገሪቱ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረምና።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የቀረበው ክስ አዲስ አበባ ላይ መሰማት ሲጀምር፣ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የጠቀሰው ይህንኑ 281ን ነው። ከተዘረዘሩት ግድያዎች አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ግድያ ነበር። ተከላካይ ጠበቆቹ በመጀመሪያ የተቃወሙት የፖለቲካ ቡድን የምትለዋን ቃል ነው፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት አያውቃትም ብለው። ፍርድ ቤቱ አገር ከስምምነቱ የሰፋ ጥበቃ መስጠት ትችላለች ብሎ ተቃውሞውን ጣለው። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባሉ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በዘር ማጥፋቱ ላይ በሐሳብ ተለይተዋል። በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ዋናው ተከሳሽ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ዚምባብዌ ስለነበሩ ፍርዱ በሌሉበት ነው። እዚህ ከነበሩት ባለሥልጣናት የሞት ፍርዱ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠላቸው ብዙዎች ናቸው።

አባባ ይህን ሁሉ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተከሳሾቹ ጠበቃ ነበራቸው ወይ? ነበራቸው አልኳቸው። መንግሥት ነው የቆመላቸው? አቅም ለሌላቸው መንግሥት ነው አልኩ። ዝም አሉና ሰውየውን አነሱ፣ ያንን ወደ መተከል የሄደውን።

ፍርዱ በተነበበበት ዕለት የ1949ኙ ሕግ ተሽሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ተክቶታል። ስሙም ተለውጧል፤ የወንጀለኛ መቅጫ መባሉ ቀርቶ የወንጀል ሕግ ተባለ። ግርፋት በውስጡ የለም። የፖለቲካ ቡድን የሚለው ግን በአንቀጽ 269 እንዳለ ተቀምጧል። ወንጀሉ የተፈጸመው በአሮጌው ዘመን ስለሆነ ዳኞቹ በ1999 ዓ.ም. ጠረጴዛቸው ላይ የገለጡት ያንኑ የጃንሆይን መጽሐፍ ነው፤ ከ120 ቀጥሎ ያ ፊደል የተለጠፈበት አንቀጽ ያለበትን።